እንጨቱን ጥለን፣ ጭሱን ይዘን

ለቁስቋም ሽማግሌዎች፣ ለዕድራችን አባላትና አብረውኝ ላረጁ ሁሉ



ጾመ ጽጌ ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያምን አንግሠን ወደየቤታችን ስንመለስ የእንጦጦ ብርድ ቀድሞን ገብቶ ይጠብቀናል። ከዚያ ቀን እስከ ጥር ማለቂያ በዚህ ዳገት ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋ ታውቃላችሁ። በእነዚሁ ወራት በዚህች ከተማ የሚሆነውንም ታውቃላችሁ። በር ዘግተው፣ ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሬሳቸው ይወጣል። አንዳንዴ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴ ከነልጆቻቸው። የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን ከሰል ይዛችሁ አትተኙ እያለ ይለምናል፤ እኛም በሬዲዮ ሰምተን “ነፍስ ይማር” ብለን እናልፋለን።

ዘንድሮ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አናጢ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሰፈርና በሽሮ ሜዳ ማገር መትቻለሁ፣ ወራጅ ሰቅያለሁ፣ የሌላውንም ሥራ ሲፈርስ አይቻለሁ። የምናገረው ለልጆቹ ሳይሆን ለእናንተ ነው። ልጆቹ ገንዘቡን ያመጡ ይሆናል፤ “አሮጌው ይፍረስ፣ በብሎኬት ይሠራ” የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚሰጠው ግን አባት ነው፣ እናት ናት። ቃሉ ገና በእጃችን ሳለ ምን እያደረግንበት እንደሆነ አብረን እንድናይ እፈልጋለሁ።

የጭቃ ቤታችንን የጠላነው ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ጭሱና ስለ ጨለማው ነበር። መጥላታችን ልክ ነበር። ስናፈርሰው ግን የጣልነው እንጨቱን ነው። እርጥበቱንና ጭሱን ተሸክመን ወደ ብሎኬቱ ቤት ገባን፤ እዚያም ጭሱ ከበፊቱ ይልቅ ገዳይ ሆነ።

ባለፈው በጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። የማዕዘኑና የመሃሉ ምሰሶዎች ጥድ ነበሩ። መሬት ውስጥ የገባው ጫፋቸው በእርጥበት ተበልቶ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከመሬቱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለው ግን በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ይጮኻል። አንዱን በመጋዝ አስቆርጬ አየሁት፤ ውስጡ ቀይ፣ ሽታው ያልጠፋ፣ ምስጥ ያልደረሰበት ንጹሕ እንጨት ነው። ማገሩም ወራጁም ባህር ዛፍ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ያለው በሙሉ ደህና ነው። ባለቤቱ፣ የእኛ ዕድሜ ሰው ነው፣ “በስብሷል ብለውኛል” አለኝ። የበሰበሰው የእያንዳንዱ ምሰሶ እግር ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሁሉም ተፈልጦ ለማገዶ ተሸጠ።

እንዲህ ያለ ጥድ ዛሬ ከየት ይመጣል? እንጦጦ ጥድ ለብሶ የነበረበት ዘመን ከአያቶቻችንም በፊት አልቋል። የቀረው በየደብሩ ግቢ ነው፣ ወይም እንደ መናገሻ ሱባ ባለ በተጠበቀ ደን ውስጥ ነው፤ እዚያም መቁረጥ ክልክል ነው፣ ክልክል መሆኑም ተገቢ ነው። እንግዲህ በዚህች ከተማ ለግንባታ የሚውል የደረቀ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ በአብዛኛው የሚገኘው በአሮጌ ቤቶቻችን ግድግዳ ውስጥ ነው። የመጨረሻውን ክምችት ለምድጃ እየሸጥነው ነው።

ያ ቤት ለምን ታመመ? እንጨት ስለሆነ አይደለም። እንጨት የሚበሰብሰው ሲረጥብ ነው። በውስጡ ያለው እርጥበት ከራሱ ክብደት ከ100 እጅ 20 እጅ በታች ሆኖ ከቆየ ሻጋታና ብስባሽ አይነካውም። የእኛ አሠራር ግን ምሰሶውን ግማሽ ሜትር ቆፍሮ በአፈር መቅበር ነበር። ቁስቋም ደግሞ ዳገት ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ውሃ በየቤታችን ሥር ያልፋል። ቦይ ያልቀደደ፣ ጥርብ ድንጋይ ደርድሮ ግድግዳውን ከመሬት ያላነሳ፣ ክዳኑን አስረዝሞ ዝናቡን ከግድግዳው ያላራቀ ሰው ቤቱን ገና ሲሠራው ለውሃ አሳልፎ ሰጥቶታል። ድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠና ሰፊ ክዳን ያለው የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ዕድሜ ይጠግባል። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ልጆቻችን እየከፈሉ ይጎበኙታል። እኛ ግን ከእሱ በታች ተቀምጠን “የእንጨት ቤት አይበረክትም” እንላለን።

አንዳንዶቻችን ለእግሩ መፍትሔ ያደረግነው ነገር ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ምሰሶውን ከጋራዥ በመጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መንከር። ምስጡን ያርቀዋል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ዘይት ከሞተሩ ያወጣው ብረትና መርዝ አብሮት አለ። የልጅ ልጆቻችን የሚድሁት ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው፣ ጀርባቸውን የሚያሳርፉትም እዚያው ነው። በቦሪክ ጨው የተነከረ እንጨት፣ ውሃ እስካላጠበው ድረስ፣ ምስጥንም ነቀዝንም ይቋቋማል፤ ለሰው ያለው ጉዳትም ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህን የሚያውቁ፣ በእንጨት ላይ የሚመራመሩ ባለሙያዎች በአገራችን አሉ። የአገራችንን ዛፎች አንድ በአንድ ምስጥ ባለበት መሬት ተክለው የትኛው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሲመዘግቡ ኖረዋል። እኛ አናጢዎች ሄደን አልጠየቅናቸውም፣ እነሱም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በመካከል የጠፋው ጥቅም የማን እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ።

የድሮውን ቤት ላሞግስ አልተነሣሁም። እናቶቻችን በጭስ ዓይናቸው የጠፋ፣ ሳንባቸው ያረጀ ሴቶች ነበሩ። ምድጃውና መኝታው በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ጭሱ ለወራጁ ጥሩ ነበር፣ ነቀዙን ያባርረዋል። ለሰው ግን ገዳይ ነበር፤ ስንት ሕፃን በሳንባ ምች እንደቀበርን የምናውቀው እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚጤሰውን ማገዶ ከታላላቅ ገዳዮች አንዱ ብሎ የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ያ ቤት ግን አንድ ነገር ነበረው። ግድግዳውና ክዳኑ በሚገናኙበት ዙሪያውን ክፍተት አለ። በሩ ሳንቃ ነው፣ በሥሩ ነፋስ ይገባል። ከሰል ይዞ ያደረ ሰው ራሱን አሞት፣ ወይም አቅለሽልሾት ይነሣ ነበር። ይነሣ ነበር፤ ነገሬ እሱ ነው። ዛሬ ያንኑ የከሰል ምድጃ በሲሚንቶ ወደተለሰነ፣ የብረት በር ወደተገጠመለት፣ መስኮቱ አሉሚኒየም ወደሆነ፣ ኮርኒስ ወደተመታለት ክፍል አስገባነው። ነፋሱን ዘጋነው። ከሰሉን አልተውንም።

ከሰል ሲግም ጭስ የለውም ብለን እንታለላለን። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ነው። ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ከ200 እጅ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ይበቃል። መጀመሪያ ራስ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ምንም አይሰማውም። የነቃውም በሩን ለመክፈት ሲነሣ እግሩ አይሸከመውም። ከሰሉ ነዶ አመድ ለብሷል ማለት በርዷል ማለት አይደለም፤ አመዱ ሥር ያለው ፍም ሌሊቱን ሙሉ መርዙን ይለቃል። “እንቅልፍ ሲወስደኝ ይጠፋል” የምትሉ፣ እለምናችኋለሁ፣ ይህን ቃል ከአፋችሁ አጥፉት።

ሰዉ ከሰል የሚያስገባው ስለሚበርደው ነው። የሚበርደውም ቤቱ ብርድን እንዲከላከል ሆኖ ስላልተሠራ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ግንበኞቻችን የማይነግሩን ነገር አለ።

ጥርት ያለ የታኅሣሥ ሌሊት፣ ደመና የለም፣ ኮከቡ ሞልቷል። ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየርም በታች ይቀዘቅዛል። ከእኛ ትንፋሽና ከድስቱ የተነሣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሌሊቱን ይጠራቀማል፣ ሊነጋጋ ሲል ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ጣሪያው የተቀደደ መስሎት በበጋ ሠራተኛ ጠርቶ ሬንጅ ያስቀባል። ቀዳዳ የለም፤ ውሃው የራሱ ትንፋሽ ነው። ያ ውሃ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒሱን ያረጥበዋል፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ያንን አየር የሚተነፍሱት ሕፃናት ሲያስነጥሱና ደረታቸው ሲያፍን ያድራሉ፤ እኛ ብርድ መታቸው እንላለን፣ በሩን ይበልጥ እንዘጋለን፣ ከሰሉን እንጨምራለን። መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንሰካለን። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ በሚስብበት ቤት በዚያ ላይ ማሞቂያ ሲጨመር ቆጣሪው ይዘላል፣ ወይም የሰፈሩ መብራት ይጠፋል፣ መጨረሻው ዞሮ ከሰል ነው።

እንጨት ሙቀትን የሚያሳልፈው አርማታ ከሚያሳልፈው ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጭድ ደግሞ ከእንጨትም ያነሰ ነው። አባቶቻችን የተማሩት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሆኖም ቀይ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሰው፣ በውሃ አርሰው፣ እየረገጡና እየገለበጡ ለቀናት አቡክተው፣ በእንጨቱ ላይ ሲለጥፉት ይህን ያውቁ ነበር። መጀመሪያው ጭቃ በጋውን ደርቆ እስኪሰነጠቅ ይጠበቃል። ከዚያ ምርጊቱ ይገባል፣ ያም ሲደርቅ ቀጭኑ ልቅላቂ ይከተላል። ቸኩሎ አንድ ላይ የደረበ ሰው ግድግዳው በክረምት ይላጥበታል። እንዲህ በተራው የተሠራ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ያመሻል፣ የቤቱን እርጥበት ይጠጣና ሲደርቅ መልሶ ይሰጣል። የሲሚንቶ ልስን ደርቦ ሲለበጥበት ግን ውሃው ከውስጥ ይታሰርና እንጨቱ ይበሰብሳል። “ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ብለስንበትስ?” ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

በዚህ ነገር ላይ የሚመራመሩ ሰዎች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ልደታ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ፎቅ ያለው የሙከራ ቤት ሠርቷል። ሱዱ ይሉታል። የምድር ቤቱ ግድግዳ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ጣሪያው ከስስ የአፈር ጡብ የተገነባ ቅስት ነው፤ እንጨትም ብረትም አልተደገፈም። ያኔ ሳይንሳዊ ዳይሬክተር የነበረው ጀርመናዊው አርክቴክት ዲርክ ሄብልና ባልደረቦቹ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ብረቱ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፣ ደናችን አልቋል፣ እግራችን ሥር ያለው ግን አፈር ነው። ከቫይማሩ ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ደግሞ ከታመቀ ጭድ ሰሌዳ የተሠራ የሙከራ ቤት አቆሙ። ጭዱ ተጨምቆ ግድግዳ ይሆናል፣ ሙቀትም ይይዛል። እኛ “የድኻ ቤት” ብለን የምናፍርበትን አፈርና ጭድ የተማሩ ሰዎች በመሣሪያ እየለኩ ያጠኑታል።

የእንጨት ነገር ላይ ግን አንድ ነገር ማከል አለብኝ። እንጨት የለንም መባሉን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። የተፈጥሮ ደናችን አልቋል፣ እሱን የነካ ሰው ወንጀለኛ ነው። ባህር ዛፍ ግን አለን። አዲስ አበባን እዚህ ያቆያት እሱ ነው። ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ ተነሥተው ነበር። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ የገባው ባህር ዛፍ፣ በብዙዎች አነጋገር በፈረንሳዊው አማካሪ በሞንዶን ቪዳዬ ምክር፣ ፈጥኖ አድጎ ከተማዋን ከመፍለስ አዳናት። ከዚያ ወዲህ ይህ ዳገት የሚኖረው በባህር ዛፍ ነው። ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ሸክም ከእንጦጦ የሚያወርዱትን እናቶች ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህ ዛፍ ዛሬ የት ነው የሚሄደው? በየመንገዱ ቆሙና ተመልከቱ። ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ በአጣና ተሸፍኗል። አርማታው ሲሞላ ከሥሩ ተጨናንቆ ተሸክሞ የሚቆመው አጣና ነው፣ የሚሞላበት ሣጥንም ጣውላ ነው። አርማታው ሲጠና አጣናው ይነቀላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስና ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ማገዶ ይሆናል። “የሲሚንቶ ቤት እንጨት አይበላም” የሚል ሰው አንድ ሙሉ የባህር ዛፍ እርሻ ተቃጥሎ እንደተሠራ አላየም። በላዩም ሲሚንቶው ራሱ አለ። ሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይጠበሳል። ዓለም ወደ ሰማይ ከሚለቀው ካርቦን ከ100ው 7 ወይም 8 እጁ ከሲሚንቶ ይወጣል። የደረቀ እንጨት ግን ከክብደቱ ግማሹ ዛፉ ከአየር የሳበው ካርቦን ነው፤ ቤት ሆኖ እስከቆመ ድረስ እዚያው ታስሮ ይኖራል። የሚለቀው ስናነደው ወይም ሲበሰብስ ነው።

ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል የምትሉት እውነት ነው። የሚጣመመው ግን በእርጥቡ ተቆርጦ በሳምንቱ ጣሪያ ላይ ስለሚወጣ ነው። ዛፉ ሲያድግ ውስጡ የተወጠረ ነው። በበጋ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ጫፉ ተቀብቶ፣ በመካከሉ ነፋስ እንዲያልፍ በእንጨት እየተለየ ተደርድሮ፣ ከፀሐይ በተከለለ ጥላ ወራት ከቆየ ጠባዩ ይገራል። ይህን የሚጠብቅ ነጋዴ የለም፣ የሚጠይቅ ገዢም የለም። ቀጫጭኑን አቀናጅቶ በሙጫ አንድ ወፍራም ምሰሶ ማድረግም ይቻላል። ኖርዌዮች እ.ኤ.አ. በ2019 ብሩሙንዳል በምትባል ከተማ 18 ፎቅ፣ ከ85 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ እንዲህ ባለ እንጨት አቁመዋል። ቁስቋም ላይ 18 ፎቅ አልመኝም። ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ደረቅ፣ ሞቃትና ነፋስ የሚያገኝ ቤት በዚሁ በእኛ ዛፍ መሥራት ግን ይቻላል ነው የምለው፤ እንዳይቻል የሚያደርገው የእኛ ኀፍረት ነው።

“እሳትስ?” ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ከተማው ሁሉ አልቅሷል። ቀጭን እንጨት፣ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ የተላጠ የመብራት ሽቦ አንድ ላይ ሲሆኑ እሳቱ ፋታ አይሰጥም። ወፍራም እንጨት ግን ሲነድ ላዩ ይከስላል፣ የከሰለውም ውስጡን ይጋርደዋል፤ በደቂቃ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እንጂ አይገባም። ጭቃ የለበሰ ግድግዳም በቀላሉ አይያያዝም። የሰፈራችንን ቤቶች የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት የተቀጠለ ሽቦና ያልጠፋ ምድጃ ነው። እነዚያ ደግሞ ብሎኬቱም ቤት ውስጥ አሉ።

ስለ ቀለምና ስለ ሰሌዳም በአጭሩ ልናገር። መንግሥት ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥቷል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ያበላሻልና። ለልጆች ክፍል ደማቅ ቢጫና ቀይ ቀለም ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ልጅ ጠርታችሁ አስነብቡ። በአዲስ ቺፕውድ ቤት ላሳደሳችሁ ደግሞ፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ ከሙጫው የሚወጣ ነው፤ ለሳምንታት መስኮት ክፈቱለት እንጂ አትተኙበት።

ሸማኔ ወንድሞቻችንን ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረጓት እነሱ ናቸው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ብቻ፣ የጥጥ ብናኝ እየዋጡ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ጉድጓዱ የዳገቱን እርጥበት ይስባል። ጉልበታቸው የሚታሰረውና ደረታቸው የሚያፍነው ለዚህ ነው። ክፍሉን ሲያድሱላቸው ባለቤቶቹ መስኮቱን አሳንሰው ብረት ይገጥሙበታል፣ ሌባ ፍራቻ ነው። ከላይ ከወራጁ ሥር አንድ ክንድ የሚሆን መስኮት ቢከፈትላቸው ሌባም አይገባበትም፣ ብናኙም ይወጣ ነበር፣ ፈትሉንም ያዩት ነበር። የሚከራየው ቤት የእናንተ ከሆነ ይህ የእናንተ ዕዳ ነው። ተከራይ መስኮት ሊበሳ አይችልም።

የቀበሌ ቤት ያላችሁ “እኛስ ምን እናደርጋለን፣ ያለ ፈቃድ ምስማር አንመታም” እንደምትሉ አውቃለሁ። ጎርፉን ከግድግዳው የሚመልስ ቦይ ለመቅደድና ከሰሉን ደጅ ለማውጣት ግን አትከለከሉም። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መካከል ደረቅ ጭድ በከረጢት አድርጋችሁ ብትደረድሩ የሌሊቱን ብርድ ምን ያህል እንደሚቀንሰው ራሳችሁ ታዩታላችሁ፤ አይጥ እንዳይገባበት ጫፉን በወንፊት ሽቦ ዝጉ፣ ከመብራት ሽቦ አርቁት፣ ያረጀ ሽቦ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። የምታበስሉበትን ክፍል ከምትተኙበት ለዩ። ክፍል ከሌለም ግቢው አለ፤ ምርጥ ምድጃም ሆነ ላቀች ምድጃ ማገዶ ይቆጥባሉ እንጂ መርዙን አያስቀሩም፣ ስለዚህ እነሱም ደጅ ይሁኑ። ማታ የሚበርዳችሁ ሽማግሌዎች የፈላ ውሃ በጠርሙስ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አስቀምጡ። ከሰል ይዛችሁ ግን አትተኙ። ሚስት ባሏን፣ ልጅ እናቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠይቅ። “ከሰሉ ወጣ ወይ?” ብሎ በር ማንኳኳት ነውር አይደለም፤ እኔ ከነገ ጀምሮ አንኳኳለሁ፣ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

ለማፍረስ የቆረጣችሁ፣ አላስቀራችሁም። ቤቱ የእናንተ ነው። ግን ማፍረሱ በጉልበት ሠራተኛ ዲጅኖ አይጀመር። መጀመሪያ አናጢ ይግባና የትኛው ጥድ፣ የትኛው ወይራ፣ የትኛው ባህር ዛፍ እንደሆነ ይለይ። እግሩ የበሰበሰው ምሰሶ እግሩ ተቆርጦ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቤቱም ላይፈርስ ይችላል። አዲሱንም ስታሠሩ ግንበኛው የሚለውን ብቻ አትስሙ። ፀሐይ የሚወጣበትን ወገን አይታችሁ መስኮቱን ወደዚያ አስወጡ፣ ጠዋት የሚገባው ሙቀት ነፃ ነው። በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል የማይዘጋ የአየር መውጫ ይኑር። ጣሪያው ሥር እንጨትና ጭድ ይግባ። ልደታ ካሉት ምሁራን ጋር መነጋገር የሚፈልግ ካለ ተማሪዎቻቸው አሮጌ ቤት ለማየትና ለመለካት ደስ ይላቸዋል፤ በር መክፈት ብቻ ነው የእኛ ድርሻ።

ስለ እንጨቱ የዕድሩን ሊቀ መንበር አነጋግሬአለሁ። ድንኳኑና ወንበሩ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አለ፣ ፈቅደውልኛል። ከሚፈርስ ቤት የሚወጣ ደህና ምሰሶ፣ ወራጅና ሳንቃ እዚያ በድንጋይ ላይ ይደረደራል፤ የማገዶ ዋጋውን ለባለቤቱ ዕድሩ ይከፍላል፣ ቤት ለሚያድስ ድኻ አባል ደግሞ በዚያው ዋጋ ይሰጠዋል። ከልጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት ልጆች አናጢነት መማር የሚፈልግ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይላኩልኝ። መጋዙ፣ መሮውና መላጊያው የእኔ ነው። ከጽጌ ፍቺ በኋላ ባለው ቅዳሜ እንጀምራለን፤ ቤት ለማፍረስ ያሰባችሁ ከዚያ በፊት ንገሩኝ።